የ0.9 ዳግም ዘር

የያዙኝ ስምንተኛ ክፍል ሳስተምር ነው። የ0.9 ዳግም ዘር ስንት እንደሆነ ጠይቄ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «0.3!» ብሎኝ ነበር። የኛ ልጆች የዘጠኝ ዳግም ዘር ሦስት መሆኑን አንዴ ካወቁ ነጥቧን ይረሷታል፤ በየዓመቱ እዚችው ላይ ይወድቃሉ። «እስቲ 0.3ን በራሱ አባዙትና ንገሩኝ» ብዬ ጠመኔ ሳነሳ በሩ ተከፈተ። መሣሪያ የያዙ ሰዎች ናቸው። ጠመኔውን ጋዋኔ ኪስ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ።

ያስገቡኝ ፍኖተ ሰላም ዳር፣ የበርበሬ መጋዘን የነበረ ክፍል ውስጥ ነው። በርበሬው ተነስቷል፤ ብናኙ ግን ከወለሉም ከግድግዳውም አልለቀቀም። ሰው በተገላበጠ ቁጥር ይቦናል። ሁሉም ያነጥሳል፣ የሁሉም ዓይን ያለቅሳል። የምሩን የሚያለቅሰው ማን እንደሆነ አይታወቅም ነበር። እኔም በዚያ ተጠቅሜያለሁ።

አጠገቤ የሚተኙት ከቡሬ ገጠር የተያዙ አዛውንት ገበሬ ነበሩ። ልቤ እንዳይበታተን ያቋረጥኩትን ትምህርት በተለሰነው ግድግዳ ላይ ቀጠልኩ። በራሱ ሲባዛ 0.9 የሚሰጥ ቁጥር ፍለጋ ነው። ትገምታለህ፤ 0.9ን በግምትህ ታካፍላለህ፤ ግምትህንና ድርሻውን ደምረህ ለሁለት ትከፍላለህ። የሚወጣው የተሻለ ግምት ነው። በእሱ ደግሞ እንደገና ትጀምራለህ። ከ1 ብትነሳ 0.95 ታገኛለህ፤ ከዚያ 0.948 እያለ ይጠራል።

«መቼ ነው እሚደርሰው?» አሉኝ አዛውንቱ።

«አይደርስም አባቴ። ይቀርባል እንጂ።»

«ኸረ ይኸማ የኛን መፈቻ ነው የምታሰላው!»

ሳቅን። መሳቅ ያስነጥሰን ስለነበር በአጭሩ ነው የሳቅነው።

አንድ ጠዋት ከመርማሪዎቹ አንዱ ገብቶ ግድግዳው ፊት ቆመ። ነጥቧ የልስኑ ስንጥቅ ውስጥ ጠፍታለች። እሱ ያየው ከዜሮ ዘጠኝ የሚጀምር አሥር አሃዝ ነው።

«የማን ስልክ ነው?»

«ስልክ አይደለም። ሒሳብ ነው።»

ሞባይሉን አውጥቶ ደወለ፤ ድምፁንም ለሁላችን ከፈተው። ጠራ። የሴት ድምፅ መጣ። «አቤት? ማን ልበል?» ከወዲያ ዶሮ ይጮኻል። ዘጋው።

ለራሴ ፈርቼ አላውቅም አልልም፤ እንደዚያ ግን ፈርቼ አላውቅም።

«ማን እንደሆነች ተናገር፤ ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ። እምቢ ካልክ እኛው እናገኛታለን።»

«ዝም አይነቅዝም፣ መምህር» አሉኝ አዛውንቱ በቀስታ። ለኔ ደግ ምክር ነበር። እሷን ግን ዝምታዬ አያድናትም።

«ከዜሮው ቀጥሎ ነጥብ ያስገቡና በራሱ ያባዙት» አልኩት መርማሪውን። በሞባይሉ አባዛው። መልሱ 0.8999 እያለ ወጣ።

«0.9 አልሆነማ!» አለ፤ የያዘኝ መሰለው።

እሱም እንደ ተማሪዎቼ ቁርጥ ያለ መልስ ነበር የሚፈልገው። «ገና ስላላለቀ ነው» ብዬ በተረፈችኝ ጠመኔ ማካፈል ጀመርኩ። አንድ ብሳሳት ሴትዮዋን የማስይዛት ይመስለኝ ነበር። አሥራ አንደኛውን አሃዝ ጻፍኩ፣ አሥራ ሁለተኛውን ጻፍኩ። «ከዜሮ ዘጠኝ የሚነሳ፣ ይህን የሚያህል ስልክ አለ?»

ግድግዳውን አየ፣ ሞባይሉን አየ። ሞባይሉን ኪሱ ከተተው።

«አጥፋው!»

መምህር ሰሌዳ ከማጥፋቱ በፊት ልማድ አለው። ነጥቧን በቦታዋ መለስኩ፤ ከመልሱ ሥር አሰመርኩና ወደ እስረኞቹ ዞርኩ።

«ጥያቄ ያለው?»

መርማሪው በሩን እንደያዘ ቆሟል። አዛውንቱ እጃቸውን አወጡ።

«አንድ ጊዜ ይድገሙልን፣ መምህር።»

እስከዚያ ቀን አንተ ነበር የሚሉኝ። ከመጀመሪያው ግምት ተነስቼ ደገምኩላቸው፤ ማንም አላቋረጠኝም። ከዚያ በጋዋኔ እጅጌ አጠፋሁት።

ቤቴ የገባሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ዛሬ እንደገና አስተምራለሁ። መርማሪው ቁጥሩን ከሞባይሉ ይሰርዘው አይሰርዘው አላየሁም። እኔ ግን በቃሌ አውቀዋለሁ። ይቅርታ ልላት፣ ካልሆነም «ማን ልበል?» ስትል ብቻ ልሰማት ስንቴ ስልኬን አንስቻለሁ። እስካሁን አልደወልኩም። ዝግ ነው እንዳይለኝ እፈራለሁ።