የመጋዘኑን በር የሠራው ሰው

አባቴ ቁልፍ ሠሪ ነበር። ሰፈሩ «አባ ቁልፌ» ይለዋል። የማንንም በር ይከፍታል፣ የራሱን አፍ ግን በጉጠትም አታስከፍተውም እያልን እንቀልድበት ነበር። ጠዋት ሱቁን ይከፍታል፣ ሞረዱን ያነሳል፤ እስከ ምሳ ድረስ የሚያወራው ሞረዱ ብቻ ነው። በሥራው ግን ቀልድ አያውቅም። የገጠመው በር ሲጢጥ ሲል ከሰማ ነቅሎ እንደገና ይሠራዋል።

ታናሽ እህቱ፣ አክስቴ፣ ባሏ ከሞተ ጀምሮ ከአንድ ልጇ ጋር እኛው ግቢ ነበር የምትኖረው። ልጁ ጥርስ በጥርስ ስለሆነ «ሳቂታው» እንለው ነበር።

ከጦርነቱ በፊት አንድ ሰው ታሰረ ሲባል «ያለ ነገር አይወስዱትም» ይባልና ሁሉም ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። አክስቴም ብላዋለች። የጎረቤታችን የአናጺው ልጅ የተያዘ ቀን፣ ልብስ እያሰጣች ስትል በጆሮዬ ሰምቻታለሁ። ክፉ ሆና አይደለም። ያኔ ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምናስበው።

ጦርነቱ መጣ። ወታደሮች አባቴን ከሱቁ ወስደው የእህል መጋዘኑን የብረት በር እንዲያጠናክር አዘዙት፤ እኛ ይህን ያወቅነው ኋላ ነው። ከውስጥ የሚከፍተውን እጀታ አውልቅ አሉት፤ አወለቀ። የእጀታውን ቀዳዳ ድፈን አሉት፤ ደፈነ። እህል እጀታ ምን ያደርግለታል ብሎ ይሆናል፤ ወይም ጨርሶ አላሰበም። ደግሞ እንዴት አሳምሮ ሠርቶት ነበር! እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው።

ከዚያ የሰፈሩን ወጣቶች ሰብስበው እዚያ አጎሯቸው፤ ሳቂታውንም ጭምር። ከተማው በመድፍ ሲደበደብ ጠባቂዎቹ ቁልፉን ይዘው ሸሹ፤ መጋዘኑም ተቃጠለ። እሳቱ ሲበርድ በሩን እንዲከፍት የተጠራው አባቴ ነው። ተመልሶ መጥቶ ለአክስቴ «ጭሱ በእንቅልፉ ነው የወሰደው» አላት። እንኳን አልተሰቃየ ብላ አለቀሰች፤ እሱንም አቅፋ መረቀችው።

ጦርነቱ ሲያበቃ «ያለ ነገር አይወስዱትም» የሚል ሰው ጠፋ። ከየቤቱ ሰው ጎድሎ ማን ይበል? አዲስ ሕግ ወጣ፤ የታሰረም ሰው ነው አለ። «ታዝዤ ነው» ማለት ከመጠየቅ አያድንም፣ ቤተሰብም የሟቹን መጨረሻ የማወቅ መብት አለው አለ። አክስቴ ይህችን የመጨረሻዋን ይዛ ተነሳች። ፖሊስ ስታይ መንገድ የምትቀይር ሴት፣ ከሌሎቹ እናቶች ጋር በሕጉ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ደጃፍ ቆማ «ያን በር ማን ሠራው? ማወቅ መብቴ ነው!» እያለች መጮህ ጀመረች። ቤት ስትመጣም ያንኑ ለአባቴ ትነግረዋለች።

«ወንድምዓለም፣ አገኘዋለሁ። ዓይኑን ሳላየው አልሞትም።»

እሱ አንገቱን ደፍቶ ይሰማታል። እየከሳ ሄደ፤ እኛ ሐዘን ነው እንል ነበር።

አንድ ቀን ኮሚሽኑ ፊት ቀርቤ እመሰክራለሁ አላት። ሬሳዎቹን ያገኘው እሱ ስለሆነ ነገሩ አልገረማትም። ኮቱን ተኮሰችለት፣ አንገትጌውን አቃናችለት። አዳራሹ ውስጥ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ እኔም አጠገቧ።

«በሩን የሠራሁት እኔ ነኝ» አለ አባቴ። «እጀታውን ያወለቅኩት በዚህ እጄ ነው።»

የኮሚሽኑ ሰብሳቢ ደነገጠች። «ተገደው ነው አይደል፣ አባት?»

«አዘዙኝ። እምቢ አላልኩም።»

አክስቴ ከመቀመጫዋ ተነሳች። የሚያስቆማት አልነበረም።

«እጀታው ቢኖር ልጄ ይወጣ ነበር?»

«ይወጣ ነበር።»

«ተኝቶ ነበር አላልከኝም?»

አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «ያገኘሁት በሩ ሥር ነው፣ እህቴ። የደፈንኩትን ቦታ በጥፍሩ ፍቆታል። በዚያ ጨለማ ቦታውን አግኝቶት ነበር።»

አልጮኸችም። እኔ እንድትጮህ ፈልጌ ነበር።

«ማወቅ መብቴ ነው ስል ከረምኩ» አለች። «አሁን ይህን ይዤ የት ልግባ?»

አባቴ መጥቶ ሊደግፋት እጁን ዘረጋ። እጁን ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ከዚያ የእኔን ትከሻ ይዛ ወጣች። ከዚያ ቀን ወዲህ እኛ ግቢ አልገባችም።