የዋሸሁበት ፍሬን

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ሚስቴ ሳትሰማው አረፈች። ለንስሐ አባቴም ሌላውን ኃጢአቴን ሁሉ ስዘረዝር ይህችን እያለፍኳት ኖሬአለሁ። አሁን በቀን አንዴም ስሜን የሚጠራኝ ሰው የለም፤ ስለዚህ ፊታችሁን ለማላየው ለእናንተ ልናገር። ሰይድን አካለ ጎደሎ ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ጣልያን ከአገር በወጣ ሰሞን ነው። እኔ ከሸዋ፣ ሰይድ ከወሎ ሥራ ፍለጋ መቀሌ መጥተን የአቶ ሓጎስን የጭነት መኪናዎች እንጭንና እናወርድ ነበር። ሁለታችንም ትግርኛው ገና አልገባንም። ማታ የሚያጫውተን ሰው ስላልነበረ አንድ ክፍል ተከራየን። ሥጋ ሲሆን በየሃይማኖታችን ለየብቻ፣ ሽሮ ሲሆን በአንድ ሳህን እንበላለን። ወባ በጣለኝ ጊዜ አፌን በውሃ ያራሰልኝ እሱ ነው። መንዳትም አብረን ተማርን። እውነቱን ልናገርና እሱ ይበልጠኝ ነበር።

አንድ ቀን አቶ ሓጎስ ጠሩንና፣ «ሾፌር እፈልጋለሁ፤ አንድ ሰው ብቻ። የሚፈትናችሁ ጣልያኑ ነው። ኣጆኹም፣ በርቱ!» አሉን።

ጣልያኑ ወደ አገሩ ሳይመለስ የቀረ ሽማግሌ መካኒክ ነው። በተሰባበረ አማርኛው፣ «ዳገት ሁሉም ይወጣል፤ ሾፌር የሚታወቅ ቁልቁለት ላይ» ይል ነበር። ፈተናው ከእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ወደ ከተማው በሚወርደው መንገድ ላይ ሆነ። መኪናዋን በከባድ ማርሽ ይዞ መውረድ፣ ፍሬኑን ረግጦ አለመቆየት፣ ነካ እያደረጉ መልቀቅ፣ ታች ነጭ ቀለም ከተቀባው ድንጋይ አጠገብ ቀጥ አድርጎ ማቆም።

እኔ ቀደምኩ። ቁልቁለቱ መሃል ላይ ፍሬኑን ስረግጥ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ሰመጠ። ለቅቄ ደግሜ ረገጥኩ፤ አሁንም ሰመጠ። በሦስተኛው ያዘ። ጣልያኑ ዓይኑን መንገዱ ላይ ተክሎ ስለነበር አላወቀብኝም። ድንጋዩ ዘንድ ስደርስ አቆምኩ። «ብራቮ!» አለኝ። መኪናዋን ወደ ኮረብታው መልሼ አወጣኋትና ከመሪው ወረድኩ።

ሰይድ በሩን ይዞ ቀስ ብሎ ጠየቀኝ፤ «ታደሰ፣ እንዴት ናት? የሚያስቸግር ነገር አላት?»

«ፍሬኑ ይሰምጣል፣ ደጋግመህ ርገጠው» ማለት ምን ይከብደኝ ነበር? እኔ ግን፣ «ደህና ናት» አልኩት። እንዲጎዳ አልፈለግኩም፤ ድንጋዩን አልፎ እንዲሄድና ፈተናውን እንዲወድቅ ብቻ ነበር የፈለግኩት። «ብቻ!» ይህችን ቃል ስንት ዓመት ለራሴ ስደጋግማት ኖርኩ!

«ቢስሚላህ» ብሎ ገባ።

እኔ ከላይ ቆሜ አያለሁ። መሃል ላይ ሲደርስ መኪናዋ ፈጠነች። ከመታጠፊያው በታች ጨው የጫኑ ግመሎች ከነሰዎቻቸው መንገዱን ሞልተው ይመጣሉ። «ፍሬን የለም! ዞር በሉ!» የሚለውን ጩኸቱን ሰማሁ። የእጅ ፍሬኑን ቢስብም አልቆመችለትም። ያን ጊዜ መሪውን አዞረና በራሱ በኩል ከድንጋይ አጥር ጋር አላተማት። ከሰዎቹ አንድም አልተነካ። ሮጬ ስደርስ የጣልያኑ ግንባር ይደማል። የሰይድ ቀኝ ጉልበት ግን ተጨፍልቋል።

አቶ ሓጎስ በኋላ ሲደርሱ ሰይድ ጥላ ሥር ተኝቶ፣ «ጌታዬ፣ ፍሬኑ ሰመጠብኝ» አላቸው። ጣልያኑ ገብቶ ረገጠው። ሲግል የሚሰምጠው ፍሬን ቀዝቅዞ ኖሮ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ደርቋል። አቶ ሓጎስ ወደ እኔ ዞሩ።

«ቅድም ነድተሃታል። ፍሬኑ እንዴት ነበር?»

ሰይድ ያየኛል። እንደሚያድነው ሰው ነበር የሚያየኝ።

«ደህና ነበር» አልኩ።

«እንግዲያው ደንግጦ ነው» አሉ። ሥራው ለእኔ ሆነ።

የሰይድ ጉልበት ዳግመኛ አልታጠፈም። ክፍላችን ውስጥ ተኝቶ፣ «ታደሰ፣ በእናትህ፣ አንተ ስትረግጠው አልሰመጠም?» እያለ ይጠይቀኝ ነበር። ከፈተናው በፊት የሰጠሁት መልስ የክፋት ነበር፤ ለአቶ ሓጎስ የሰጠሁት የፍርሃት ነበር እንበል። ለዚህኛው ምን ስም አወጣለታለሁ? በየጊዜው «አልሰመጠም» እለዋለሁ። በመጨረሻ መጠየቁን ተወና፣ «እንግዲህ እግሬ ነው የከዳኝ። ደንግጬ በፍሬኑ ፈንታ ፍሪሲዮን ረግጬ ይሆናል» አለ። የገዛ እግሩን እንዳያምን አደረግኩት። አገሩ ሲገባ እንኳ አልሸኘሁትም፤ የእሱን መኪና እየነዳሁ አድዋ መንገድ ላይ ነበርኩ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ወልድያ ላይ መኪና አቁሜ ስሄድ አንድ ልብስ ሰፊ በስሜ ጠራኝ። በግራ እግሩ ብቻ የስፌት መኪናውን እየረገጠ ይሰፋል፤ ሰይድ ነበር። አንገቴ ላይ ተጠመጠመ። ለጎረቤቶቹም፣ «ጎበዙ ሾፌር ማለት ይህ ነው! እኔማ ፍሬን መያዝ አቅቶኝ ያን ሽማግሌ ልገድለው ነበር» አላቸው። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ወላሂ ታደሰ፣ እስካሁን በሰገድኩ ቁጥር አላህን ማረኝ እለዋለሁ» አለኝ።

የእኔን ኃጢአት እሱ ይናዘዝ ነበር! ሻይ አስመጣልኝ። ሻዩን ጠጣሁ። አፌን ብከፍት ከስንት ዓመት ጸሎት ባሳረፍኩት ነበር። እኔ ግን «ቸኩያለሁ» ብዬ ወጣሁ። ዳግመኛ በወልድያ ሳልፍ ሱቁ ተዘግቷል፤ ሞቷል አሉኝ።

ወጣት ነበርኩ፣ ተቸግሬ ነበር አልልም፤ እሱም ወጣት ነበር፣ እሱም ተቸግሮ ነበር። ማሩኝም አልላችሁም፤ ሊምረኝ የሚችለው ሰው ከአፈር በታች ነው። ከእናንተ መካከል ልጆቹን የሚያውቅ ካለ ግን ይህን ይንገርልኝ፤ ፍሬኑ ሰምጦ ነበር። አባታችሁ መንዳት ያውቅ ነበር።