ወፍጮው ሲቆም የቀዳነው መዝሙር

ናዝሬት የነበረን ቤት ከወፍጮ ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ የሚዋሰን ነበር። ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ሳህኖቹ መደርደሪያው ላይ ይንቀጫቀጫሉ፤ ዱቄቱ በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ የአልጋ ልብሱን ያለብሰዋል። ከእኛ በፊት የነበሩት ተከራዮች በጩኸቱ ተማረው ነው ለቀበሌው ያስረከቡት። እኔና ባለቤቴ ግን ቤቱን የፈለግነው ለጩኸቱ ስንል ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን ከታሸገ ወዲህ፣ ከመዘምራኑ የቀረነው ሰዎች የምንዘምረው እዚያ ቤት ውስጥ፣ ወፍጮው በሚያጓራበት ሰዓት ነበር። ከግድግዳው ማዶ ስንዴ ይፈጫል፣ ከወዲህ እኛ እንዘምራለን፤ መንገድ ላይ የሚያልፍ ሰው የሚሰማው ወፍጮውን ብቻ ነው።

አራት ነበርን። እኔ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ፤ ባለቤቴ ወንጂ በኤሌክትሪክ ሠራተኛነት በፈረቃ ይመላለሳል። አንዷ ጓደኛችን ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ ስትሆን፣ አራተኛው የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ነበር። ይህ ሰውዬ ድምፁ በጣም ወፍራም ከመሆኑ የተነሳ፣ ሰላም ሲለኝ እንኳ ደረቴ ላይ ይሰማኛል።

ካሴት የመቅዳቱን ሐሳብ ያመጡት ከአርሲ ነገሌ እህል እያስጫኑ የሚመጡ አንዲት እናት ናቸው። እማማ እንላቸው ነበር። ወፍጮ ቤቱ ደንበኛቸው ስለሆነ፣ ወደ እኛ ጎራ ሲሉ ማንም አይጠረጥርም። "አካም ጅርቱ፣ ልጆቼ" እያሉ ይገቡና ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ በዓይናቸው መስኮቱን ይቃኛሉ። ነገሌ ውስጥ በድብቅ የሚሰበሰቡ ምእመናን ነበሩ። ወንጌላዊያቸው ከታሰረ በኋላ መዝሙር የሚመራቸው አላገኙም።

"ድምፃችሁን በካሴት ስጡኝ። ሌላው የእኔ ሥራ ነው" አሉን እማማ።

ባለቤቴ በባትሪ ድንጋይም በመብራትም የሚሠራ ቴፕ ነበረው። ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥነው፣ ዙሪያውን ቆምን፣ ወፍጮው እያጓራ ጮክ ብለን ዘመርን። ስንሰማው አላማረንም፤ ቢሆንም ላክነው። እማማ በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጡ ካሴቱን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ጭኔ ላይ አስቀመጡት።

"አትቀየሙኝ፣ ልጆቼ። ነገሌ ድረስ ተሸክሜ የሄድኩት ወፍጮ ነው። ወፍጮማ እኛም አገር አለ።"

"ድምፃችን ጭራሽ አይሰማም?" አልኳቸው።

"እንደ ንብ ይሰማል። ቃሉ ግን የለም። አንዲት አሮጊት ጆሮዋን ቴፑ ላይ ለጥፋ አንድ ቃል ለመያዝ ስትታገል አይቼ አለቀስኩ።"

እማማ ከሄዱ በኋላ ባለቤቴ የማናችንም አፍ ያልደፈረውን ነገር ተናገረ። "ወፍጮው ቆሞ መቅዳት አለብን።"

ወፍጮው የሚቆመው ለምሳ ነው። በዚያ ሰዓት ሰፈሩ በሙቀት ጸጥ ይላል፤ የወደቀ ማንኪያ እንኳ ከመንገዱ ማዶ ይሰማል። ከመንገዱ ማዶ ደግሞ የቀበሌው ጥበቃዎች ጠመንጃቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው የሚቀመጡበት ጥላ ነበር። ከእኛ በፊት በሌላ ሰፈር ለጸሎት ተሰበሰቡ ተብለው የተወሰዱ ሰዎችን እናውቃለን። አንዷ ስትመለስ ጫማ ማድረግ አትችልም ነበር። ጠይቄያት አላውቅም፤ እግሯን ግን አይቼዋለሁ።

ዝግጅቱ ራሱ ያስፈራ ነበር። ከመኝታ ክፍላችን ጀርባ መስኮት የሌላት ጠባብ ዕቃ ቤት ነበረችን። ባለቤቴ መጀመሪያ ባዶዋን አንድ ጊዜ አጨበጨበባት፤ ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ እየተጋጨ ጮኸ። ግድግዳዋን በብርድ ልብስ ሸፈናት፣ መሬቱ ላይ ጆንያ አነጠፈ፣ በሩ ላይ ፍራሽ አቆመ፤ እንደገና ሲያጨበጭብ ድምፁ እጁ ላይ ሞተ። የመኝታ ቤቱን መስኮትም በወፍራም ብርድ ልብስ ጋረድነው። ያደረግነው ሁሉ ለሁለት ነገር ነው፤ ከውጭ የሚገባው እንዳይገባ፣ ከውስጥ የሚወጣው እንዳይወጣ።

ከሚያውቀው ሬዲዮ ጠጋኝ ባለገመድ ማይክ ተዋሰ። ቴፑ ራሱ ሲዞር የሚያሰማው ድምፅ ካሴቱ ውስጥ እንደሚገባ ስለደረሰበት፣ ከማይኩ አርቆ ትራስ ላይ አስቀመጠው። በመብራት ሲሠራ እዝዝ የሚል ነገር ስለሚጨምር፣ አዲስ ባትሪ ድንጋይ አስገባ። ማይኩን ካልሲ አለበሰው፤ ያለ ካልሲው ትንፋሻችን እንደ ነፋስ ይመታው ነበር። ከዚያ እኔንና ነርሷን ማይኩ አጠገብ አቆመን።

"አትጩሁ። ለሕፃን እንደምታንጎራጉሩ ሁኑ። አፋችሁ እስከቀረበ ድረስ ማይኩ ይሰማችኋል" አለን።

ባለወፍራም ድምፁን ከኋላችን፣ ፍራሹ ሥር አቆመው። አንድ ያልቻልነው ነገር ቢኖር የጣሪያው ቆርቆሮ ነው። የናዝሬት ፀሐይ ሲበረታበት እየተለጠጠ ቀጭ፣ ቋ ይላል። በተንጫጫ ቁጥር አራታችንም እንደነግጣለን።

የመጀመሪያው ቀን ወፍጮው ቆመ። ባለቤቴ ቁልፉን ተጫነ። እንዲያ ዝቅ ባለ ድምፅ ዘምሬ አላውቅም፤ እንዲያ ፈርቼም ዘምሬ አላውቅም። ላቡ በጀርባዬ ይወርዳል። ሦስተኛው መዝሙር መሃል ላይ ሳለን የግቢው በር ተንኳኳ።

"ቤቶች!"

መዝሙሩን አቋረጥን። ባለቤቴ ጣቱን ወደ ቴፑ ላከና መልሶ ሰበሰበው። ቁልፉን ቢያነሳው የሚያሰማው ድምፅ ውጭ ድረስ ይሄዳል። ካሴቱ እየዞረ ተወው። በዓይኑ ሂጂ አለኝ። ፍራሹን ገፋ አድርጌ ወጣሁ፤ ከኋላዬ መልሰው አስጠጉት። መኝታ ቤት ውስጥ ትንሿ ልጃችን ተኝታለች። ፊቴን በነጠላዬ ጠርጌ በሩን ከፈትኩ።

የቀበሌው የጥበቃ ኃላፊ ነበር። ሽጉጡን ታጥቋል።

"መምህርት፣ በጠራራ ፀሐይ መስኮት በብርድ ልብስ ጋርደሽ ምን ትሠሪያለሽ?"

ምን እንደምመልስ አላሰብኩም፤ አፌ ራሱ ነው የመለሰው። "ልጄን ኩፍኝ ይዟት ነው፣ ጓድ። ብርሃኑ ዓይኗን እንዳይጎዳት።"

"ኩፍኝ?" ትንሽ ወደ ኋላ አለ። ይሄዳል ብዬ ስጠብቅ፣ "እኔ በልጅነቴ ወጥቶልኛል" ብሎ ገባ። ሳሎኑ ወንበር ላይ ተቀመጠና ውኃ ጠየቀኝ።

ውኃውን በሁለት እጄ አቀበልኩት። እሱ ቀስ እያለ ይጠጣል። የውይይት ክበብ ላይ ለምን እንደቀረሁ ጠየቀኝ፤ ልጄን አስታመምኩ አልኩት። ባለቤቴ የት እንዳለ ጠየቀኝ፤ ወንጂ አልኩት። እሱን እያናገርኩ የማዳምጠው ግን ዕቃ ቤቱን ነበር። ነርሷ ብታስልስ? ልጄ ነቅታ "አባዬ" ብትልስ? ከሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ ካሴቱ ነበር። አንዱ ገጽ ሊያልቅ እንደተቃረበ አውቃለሁ። ሲያልቅ ቁልፉ በራሱ ይነሳል።

ተነሳ። "ቀጭ!" አለ።

ሰውዬው ብርጭቆውን ከአፉ አወረደ። "ምንድን ነው እሱ?"

"ቆርቆሮው ነው" አልኩት። "ፀሐይ ሲመታው እንዲህ ይላል።"

አንገቱን ቀና አድርጎ የአቡጀዲውን ኮርኒስ አየ። ቆርቆሮው እንደ ልማዱ ቢንጫጫ ምን ነበረበት? ቆርቆሮው ግን ጭጭ አለ። እኔም ቀና ብዬ አየሁ። ይህ ሰው የልቤን ምት ይሰማዋል ብዬ ተሳቀቅሁ። ከዚያ ባለወፍጮው ከምሳ ተመለሰ መሰለኝ፣ ሞተሩ አስሎ አስሎ ተነሳ፤ ሳህኖቹም መንቀጥቀጥ ጀመሩ።

ኃላፊው ተነሥቶ እየጮኸ፣ "ይህን ጩኸት እንዴት ነው የምትችሉት?" አለኝ።

"ለመድነው!" ብዬ እኔም ጮህኩ።

በሩ ላይ ሲደርስ ዞረ። "ልጅቷ ስትድን መስኮቱን ክፈቺ" አለኝና ሄደ። ነግሮኝ ነው ወይስ አስጠንቅቆኝ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ዕቃ ቤት ስገባ ማንም አልቆመም። ነርሷ ሳሏን ለማፈን የነከሰችው ነጠላ አፏ ውስጥ እንዳለ ጆንያው ላይ ተቀምጣለች። ባለወፍራም ድምፁ ግንባሩን ፍራሹ ላይ ደግፏል። ባለቤቴ ካሴቱን መልሶ አሰማን። መዝሙራችን ጥርት ብሎ ወጣ። ቀጥሎ በሩ ሲንኳኳ፣ ከዚያ የሦስት ሰዎች ትንፋሽ፣ ከዚያ ራቅ ብሎ፣ በፍራሽ ውስጥ አልፎ፣ የእኔ ድምፅ "ልጄን ኩፍኝ ይዟት ነው" ሲል ተሰማ። የሰውዬውም "እኔ በልጅነቴ ወጥቶልኛል" አለበት።

ባለቤቴ ፊቱ አመድ መሰለ። "አቃጥለነው እንተወው" አለ።

"አይሆንም" አለች ነርሷ፤ ድምፅዋ እየተቆራረጠ። "ፍርሃቱ እንደሆነ ፈርተነዋል። ቢያንስ መዝሙሩ ይውጣ።"

ያን ክፍል ደግመን በላዩ ቀዳንበት። ኩፍኝ ብያለሁና መስኮቱ ወዲያው አይከፈትም፤ ልጄም ደጅ አትወጣም። እሷ ጤነኛ ሆና በር በሩን እያየች ታለቅሳለች። ሊጠይቁ የሚመጡትን ጎረቤቶች "ልጆቻችሁን እንዳይዝባችሁ" እያልኩ ከበር እመልሳለሁ። በየቀኑ ወፍጮው ለምሳ ሲቆም እንዘምራለን፤ በየቀኑም በሩ የሚንኳኳ ይመስለኛል። አልተንኳኳም። ካሴቱ ሲሞላ እማማ ስንዴ መሃል ቀብረው ወሰዱት።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ እማማን ልጠይቅ ነገሌ ሄድኩ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ አንድ ቤት ይዘውኝ ገቡ። ሰዎች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው፣ ቴፑን መሃል አድርገው፣ አብረው ዝቅ ባለ ድምፅ ይዘምራሉ። እማማ የነገሩን አሮጊት ጆሯቸውን አላስጠጉም፤ ግድግዳ ተደግፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ቃሉን አንድ በአንድ ይከተላሉ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ደስም ብሎኝ ነበር። ግን ድምፄ ትንፋሼ ሳይቀር ይሰማል። በወፍጮው ውስጥ የዘመርነው ማንም ሊሆን ይችላል፤ ይህኛው ግን እኔ ነኝ። አጠገቤ የተቀመጠች ወጣት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ "ይህችን ሴትዮ ገበያ መሃል ብትናገር በድምፅዋ አውቃታለሁ" አለችኝ።

አንገቴን ነቀነቅሁላት። እዚያ ቤት እስክወጣ ድረስ አንድ ቃል አልተናገርኩም። ለእማማም በምልክት ነው "እንሂድ" ያልኳቸው።

ካሴቱ ካሴት ወለደ። ሻሸመኔ ደረሰ፣ ዝዋይ ተሰማ ይሉናል። ክፍል ውስጥ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ማስተማር ጀመርኩ፤ ከኋላ የተቀመጡት ልጆች "ቲቸር፣ አይሰማም" ይሉኛል።

ከዚያ ባለወፍራም ድምፁን ከባቡር ጣቢያው፣ ከሥራው ላይ ወሰዱት። ለምን እንደተወሰደ የሚነግረን አልነበረም። ቴፑን ለወንድሜ ላክነው፤ ብርድ ልብሶቹን አጥቤ አልጋ ላይ መለስኩ። መኪና ደጃፋችን ላይ በቆመ ቁጥር ባለቤቴ ተነሥቶ ጫማውን ያስራል።

ከወራት በኋላ ፈትተውት አንድ ጠዋት ቤታችን መጣ። ከስቶ ኮቱ ትከሻው ላይ ተንጠልጥሏል። ሰላም ሲለኝ ሌላ ሰው የተናገረ መስሎኝ ዞር ብዬ አየሁ። ድምፁ ቀጥኖ ነበር።

"መርማሪዎቹ ካሴቱን አሰሙኝ" አለን።

"የእኛን?" አለ ባለቤቴ።

"የእኛን። 'ይህች ሴት ማናት? ሰውየውስ ማነው?' አሉኝ። አላውቃቸውም አልኩ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በዚህ በቀጭኑ ነበር የምመልስላቸው። ድምፄ እዚያ ካሴት ላይ አለ፤ እኔ ደግሞ ፊታቸው ቆሜ አለሁ። እየጮኹብኝም በቀጭኑ፣ ሲመቱኝም በቀጭኑ። ከእስረኞቹ ጋር ሳወራ እንኳ አልለወጥኩትም።"

መፈታቱን ሰምታ የመጣችው ነርስ፣ "አሁንማ ወጥተሃል፤ በራስህ ድምፅ ተናገር" አለችው።

ጉሮሮውን ጠረገና ሞከረ። አልመጣም። ሳቅ ብሎ አንገቱን አቀረቀረ።

ለብዙ ጊዜ እንደዚያ ሆኖ ቆየ። እየመጣ ይቀመጣል፤ እንጫወታለን፤ መዝሙር ግን ማንም አያነሳም። አንድ ከሰዓት በኋላ ልጃችን የአባቷን ቆብ ደፍታ፣ የባቡር ፉጨት እያሰማች ወንበሮቹን ስትዞር አያት፤ ድንገት ሳቀ። ያ የድሮው ወፍራም ሳቅ ነበር፣ ከደረቱ ሥር የሚመጣው። ቤቱን ሞላው።

ልጅቷ በደስታ አጨበጨበች። እኛ ግን ሁላችንም፣ እሱ ራሱ ሳይቀር፣ ደንግጠን ወደ መስኮቱ ዞርን።