ፊደል የማያውቀው አዲሱ ኮምፒዩተር

ዓረብ አገር፣ ዴራ በሚባል የገበያ ሰፈር በምሠራበት የካርጎ ቢሮ አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ነበር። ሲነሳ እንደ ወፍጮ ያጓራል፤ ስክሪኑ ጥቁር፣ ጽሑፉ ብርቱካናማ ነው። ሆዱ ውስጥ ግን አዲስ አበባ የተገጠመለት ካርድ ነበረው፤ የአማርኛ ፊደላት የሚወጡት ከዚያ ካርድ ነው። ዕቃ ሊገዙ ከኢትዮጵያ ለሚመጡት ነጋዴዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ጆንያቸው ላይ የሚለጠፈውን ስምና አድራሻ በዚሁ ማሽን እጽፍላቸው ነበር።

ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። እኔ መጀመሪያ የመጣሁት ለቤት ሥራ ነበር። ሻርጃ ማዳም ቤት ኮንትራቴን ስጨርስ፣ አገሬ ሳለሁ የተማርኩት ታይፕ ለዚህ ቢሮ አበቃኝ። የመኖሪያ ፈቃዴም በቢሮው ስም ሆነ። አል ቁሰይስ በሚባል ሰፈር ቢድ ስፔስ፣ በጋራ ክፍል አንድ አልጋ፣ ተከራይቼ፣ በራሴ ሰዓት ተኝቼ በራሴ ሰዓት እነሳ ነበር። ከሰው ወጥ ቤት ያወጣኝ ያ ካርድ ነው ብል አላጋነንኩም።

አለቃችን የአገራችን ሰው ነው። ጎረቤታችን ያለው ካርጎ ቢሮ አዲስ ኮምፒዩተር ያስገባ ቀን እንቅልፍ አጣ። ያኔ ዴራን «አዲሱ ሲስተም» የሚባል ነገር ወሯት ነበር፤ ስክሪኑ ላይ ሥዕል አለው፣ በማውስ ይታዘዛል። አለቃችን ሲስተም ምን እንደሆነ አያውቅም። ከጎረቤት አንሶ መታየት ግን ሞቱ ነው። በሳምንቱ አንድ ክራቫት ያሰረ ባለሙያ ሳትዋ ከሚባለው ሰፈር አዲስ ኮምፒዩተር አሸክሞ መጣ።

ባለሙያው ካርዱን ከአሮጌው አውጥቶ አዲሱ ውስጥ ሰካው። አዲሱ ሲስተም ግን ካርዱ መኖሩንም አላወቀ። ደጋግሞ ሞከረና እጁን አራገፈ።

«ኸላስ፣ በቃ አይሠራም» አለኝ። «ሲስተሙን የሠሩት ሰዎች እንዲህ ያለውን አሮጌ ዕቃ መደገፍ ትተዋል።»

«መተው እንዳለባቸው በምን ወሰኑ?» አልኩት።

«ማን ይጠቀምበታል ብለሽ ነው?»

«እኔ።»

ሳቀ። እውነቱን ለመናገር ባለሙያው አልዋሸም። አሮጌ ነገር ሁሉ እስከ ዘላለም ይጎተት የምል ሞኝ አይደለሁም፤ ስለ እያንዳንዱ ዝገት የሚጨነቅ ሰው አዲስ ነገር መሥራት አይችልም። የሚያበሽቀኝ ውሳኔው የሚወሰንበት መንገድ ነው። ፊደላችንን አይተውት የማያውቁ ሰዎች የሆነ አገር ተቀምጠው በቃው አሉት፤ በእሱ እንጀራ የሚበላ ሰው ይኖር ይሆን ብሎ የጠየቀ ግን የለም። እነሱስ እሺ፣ ሩቅ ናቸው። አለቃችን ግን ከእኔ ወንበር ሁለት እርምጃ ላይ ተቀምጦ አልጠየቀም።

«ጋሼ፣ አሮጌው ካርዱ ይመለስለትና ጥግ ላይ ይቀመጥ» አልኩት። «አዲሱ ለእንግሊዝኛው፣ እሱ ለአማርኛው።»

«ደንበኛ ገብቶ ይሄን ቆርቆሮ ሲያይ ምን ይለናል?»

አሮጌው በጋሪ ተጭኖ ወጣ፤ ካርዱንም ከነማሽኑ ጫኑት። አለቃችን ጥጉ ላይ የፕላስቲክ አበባ አስቀመጠበት፣ ደንበኛ አይቶ ደስ እንዲለው። አንድም ደንበኛ ስለ አበባው ሲያወራ አልሰማሁም።

ነጋዴዎቹ በበነጋው መጡና እንደ ልማዳቸው የአማርኛ ጽሑፋቸውን ጠየቁ። የአዲስ አበባ ተሸካሚ እንግሊዝኛ አያነብም፤ የእንግሊዝኛ ወረቀት ብቻ የተለጠፈበት ጆንያ የማንም ሆኖ ይቀራል። አለቃችን ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? አንድ ካርቶን ማርከር ገዝቶ መጣ። ዴራን ያስቀናል የተባለው ቢሮ፣ ሥዕል ባለው ስክሪን ፊት እኔን መሬት ላይ አንበርክኮ በእጄ ጆንያ ያስጽፈኝ ጀመር። ዘመናዊነታችን ይኼ ነበር። ማታ ጣቶቼን በሳሙና ባሻቸው ጥቁሩ አይለቅም ነበር።

አንድ ቀን፣ ሁልጊዜ በስሜ የምትጠራኝ ጨዋ ነጋዴ፣ በጉልበቴ ስንፏቀቅ አይታ አዘነችልኝ። «ወዲህ በይው የኔ ልጅ፣ የራሴን እኔው ልጻፈው» አለችና ማርከሩን ከእጄ ወሰደች። ጻፈችው፤ ከእኔ አሳምራ። ሌሎቹም እየተቀባበሉ ጻፉ። ቀና ስል አለቃችን ዓይኑን ተክሎ ያያቸዋል። በሕይወቱ አንድ ጊዜ ሲያስብ ያየሁት ያን ቀን ነው።

በወሩ መጨረሻ ጠራኝ።

«ጎበዝ ልጅ ነሽ፤ ለአንቺ ሹግል፣ ሥራ አይጠፋም» አለኝ። «ነጋዴዎቹ ግን አሁን ራሳቸው ይጽፋሉ፤ ፈቃድሽን ቢሮው አያድስም።»

ከቤት ሥራ በቀር ለመኖሪያ ፈቃዴ ቶሎ ስፖንሰር የሚሆነኝ አላገኘሁም። አንድ ኤጀንሲ አጅማን ከተማ አንድ ማዳም ቤት አስገባኝ። ማዳም ክፍሎቹን እየዞረች ስታሳየኝ የባሏ ክፍል ደረስን። ጠረጴዛው ላይ ያው ሥዕል ያለው፣ ያው አዲስ ሲስተም በርቷል።

«ይሄን እንዳትነኪ፣ ሙሽኪላ ነው፣ ችግር ያመጣል» አለችኝ፣ ቃሉን እየለየች፣ እንዲገባኝ። «አንቺ አታውቂውም። አቧራውን ብቻ ጥረጊ።»

እሺ ማዳም አልኳትና ጨርቁን ተቀበልኳት።