አይዞሽ የምትባል ውሻ

ሸዋረጋ አለነን አግብታ ቤቱ ስትገባ በር ላይ የተቀበለቻት ውሻ ናት። ስሟ አይዞሽ ነው። ይህን ስም ያወጣችላት እታገኘሁ ነበረች፤ አለነ ቀድሞ አግብቶ የፈታት፣ አራዳ ሻይ ቤት ያላት ሴት። እታገኘሁ ከቤቱ ስትወጣ ዕቃዋን ሁሉ ወሰደች። አዲስ የተከራየችው ክፍል ውሻ ስለማይፈቀድበት ግን አይዞሽን ትታት ሄደች።

ሸዋረጋ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ናት፤ ዝምተኛ፣ ነገር በሆዷ የምታሳድር። አመሻሹ ላይ ባሏ በሩን ሳይገፋ "አይዞሽ! የት አለሽ?" ሲል ትሰማለች። ለእሷ ሰላምታ የሚደርሳት ከዚያ በኋላ ነው። ውሻዋን በጠራ ቁጥር ያቺን ሴት የጠራ ይመስላታል።

በ1975 ክረምት አይዞሽ ታመመች። ታስመልሳለች፣ ያስቀምጣታል፣ ውኃ እንኳ አልረጋላት አለ። አለነ በጋቢ ጠቅልሎ የእንስሳት ክሊኒክ ሲወስዳት ሸዋረጋም ተከተለች። ግቢውን በሬና በቅሎ ሞልቶታል። ዶክተር ዳኛው የውሻዋን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጎ አየና፣

"ውኃ አልቆባታል" አለ። "ወይ እዚሁ ተኝታ ጉሉኮስ ይሰጣት፣ ወይ ቤት ወስዳችሁ ስኳርና ጨው የተበጠበጠበት ውኃ ቶሎ ቶሎ በማንኪያ አጠጧት። እዚህ መድኃኒቱ ቅርብ ነው፤ ቤት ደግሞ የለመደችው ሰው አለ። ምርጫው የእናንተ ነው።"

"ቤት ትሁን" አለ አለነ።

"ማን ሊያጠጣት? ሁለታችንም ሥራ ነን፤ ሲመሽ የቀበሌ ስብሰባ አለ። እዚሁ ትተኛ።"

ያለችው ሐሰት አልነበረም። ልቧ የፈለገው ግን ቤቷን አንድ ሰሞን እንኳ ለብቻዋ ማግኘት ነው።

አለነ ከሥራ በኋላ ክሊኒክ እያለ ያመሽ ጀመር። እሷም ሌላ ነገር አልጠረጠረች፤ አብራት የምትሠራው አበቡ እስክትነግራት ድረስ።

"ምነው ሸዋዬ፣ ባልሽና የድሮ ሚስቱ ውሻዋን አብረው ነው እንዴ የሚያስታምሙ?"

የሸዋረጋ ጣቶች የጽሕፈት መኪናው ላይ ደረቁ። ከሥራ እንደወጣች በቀጥታ ወደ ክሊኒኩ ሄደች። እታገኘሁ መሬት ላይ ተቀምጣ የአይዞሽን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋለች፤ አለነ የጉሉኮሱን ጠርሙስ ከፍ አድርጎ ይዟል። አያወሩም። ቢስቁ፣ ቢጫወቱ ይሻላት ነበር። የታመመ ልጃቸውን የሚያስታምሙ ባልና ሚስት መሰሏት።

"ውሻዬን ልወስድ ነው የመጣሁ" አለች።

አለነ ደነገጠ። "እዚሁ ትተኛ ያልሽው አንቺ አይደለሽም?"

"አሁን ደግሞ ቤት ትሁን አልኩ።"

ከሥራ ፈቃድ ወሰደች። ከቀበሌ ሱቅ ተሰልፋ ያገኘችውን፣ ለእንግዳ የደበቀችውን ስኳር አወጣች። በማንኪያ ስታጠጣት ውሻዋ ነጠላዋ ላይ መለሰችባት፤ አጥባ እንደገና ጀመረች። መቼም ከፍቅር አልነበረም። ያቺ ሴት መምጫ ሰበብ እንዳታገኝ ነበር። የውሻዋን ስም በአፏ ጠርታ አታውቅም፤ ሳታስበው "አይዞሽ፣ አይዞሽ" ማለት ያዘች። ውሻዋ ቆማ መሄድ ስትጀምር ከጓዳ ጓዳ የተከተለችው እሷን ነው። አለነ ሲጠራት እንኳ ከእግሯ ሥር አልተነሣችም። ሸዋረጋ ደስ አላት፤ ባሏ ሲከፋው አይታ ደግሞ የበለጠ ደስ አላት።

እሑድ ረፋድ እታገኘሁ አጥንት በላስቲክ ይዛ ደጃፍ ቆመች።

"እህቴ፣ አልገባም። ከበር ባያት ይበቃኛል።"

አይዞሽ የእታገኘሁን ድምፅ ሰምታ ሾልካ ወጣች። ዘለለች፣ አለቀሰች፣ የእታገኘሁን ፊት ላሰች። አለነም ከኋላ መጣ። ሸዋረጋ ግን ባሏ ወደማን እንደሚያይ አላየችም፤ የተጣራችው ውሻዋን ነው።

"አይዞሽ! ነይ!"

ውሻዋ ዞር ብላ ጭራዋን ወዘወዘች፤ አልመጣችም። ለሸዋረጋ ያቺ ሴት ባሏን ብትወስድባት እንኳ እንዲህ የሚቆጫት አልመሰላትም።

"አጥንቱን ይዘሽው ሂጂ" አለች በመጨረሻ። "ሆዷ ገና አልጠናም። ማየቱን እሑድ እሑድ መጥተሽ እያት።"

እታገኘሁም እሑድ እሑድ መምጣቷን አላቋረጠችም። ሸዋረጋ አትከለክላትም፤ ግን ከሴትዮዋ እጅ ምንም እንዳትቀበል አይዞሽን አስቀድማ ታጠግባታለች።