ሦስተኛው ጽዋ

ጋሸና ላይ ባቄላና ጨው እነግድ በነበርኩበት ዘመን፣ ሞባይል ሳይደርስብን፣ የላሊበላው መንገድ ገና ጠጠር ሳለ፣ የሾፌር ትንፋሽ የሚለካው በባለ መኪኖች ማኅበር ሊቀመንበር አፍንጫ ነበር። መሣሪያው ጉንፋን የያዘው ሰሞን በእግሩ መሄድ የሚመርጥ ብዙ ነበር።

አንድ ሾፌር ነበረን። ጆንያዬን ሳይጨቃጨቅ ቅጥቅጥ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ የሚጭንልኝ እሱ ብቻ ነው። ካልጠጣ ድምፁ አይሰማም፤ ከጠጣ በአፍንጫው ያንጎራጉራል። አንድ ቀን እያንጎራጎረ አውቶቡሱን የላሊበላው ቁልቁለት ላይ ገለበጠ። የሞተ የለም፤ የአንዲት እናት ክንድ ግን እንደተጣመመ ቀረ። ማኅበሩ ቁልፉን ቀማው።

ለመመለስ የተቆረጠበት ሁለት ወር ጠበል፣ የንስሐ አባቱ ፊት መሐላ፣ በዚያ ላይ አንድ ዋስ ነበር። ዋሱ ፈርሞ ቤቱ አይገባም፤ በመጀመሪያው ጉዞ ከጎኑ ይቀመጣል። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«እርስዎ ነጋዴ ነዎት፣ ሰው ያውቃሉ» አሉኝ።

የማውቀው የባቄላ ነቀዝ ነው ብል ማን ሊሰማኝ። ደግሞ ዕቃዬ ለልደት ገበያ ላሊበላ መድረስ ነበረበት። ፈረምኩ።

ልደት ሁለት ቀን ሲቀረው ተነሣን። ተሳላሚው እስከ በሩ ሞልቷል። ሾፌሩ ከስቷል፤ እጁ ግን መሪው ላይ ረግቷል።

«ጋሼ፣ ትንፋሼን አያሸቱኝም?»

«ጾም ነው፤ ምንም አላሸትም» አልኩት። ሳቀ። ሳይጠጣ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ከሰዓት በኋላ አንዲት መንደር ስንደርስ የመድኃኔዓለምን ዝክር የሚዘክሩ ሰዎች መንገድ ዳር ቆመው አስቆሙን። በእኛ አገር ዝክር ረግጦ የሚያልፍ መንገደኛ የለም። ቄሱ ባረኩ፣ ዳቦው ዞረ፣ አንዲት ሴትዮ የጠላውን ጽዋ በሾፌሩ መስኮት አስገባች።

«እኔ ምያለሁ፣ እታለም።»

«የማልከው ከመጠጥ አይደል? ይኼ ጸበል ጸዲቅ ነው!»

ከኋላ አንድ ሽማግሌ፣ «አንተ ልጅ፣ መድኃኔዓለምን ገፍተህ ያንን ገደል ልታወርደን ነው?» አሉ።

ሾፌሩ ወደ እኔ ዞሮ ጠበቀ።  ቄሱም እያዩኝ ነው።

«ቅመስ» አልኩት።

ቀመሰ። «አንድ ብቻማ ምን ይሉታል፣ በሥላሴ ስም ሦስት!» አለች ሴትዮዋ። ሦስተኛውን ጨልጦ ከንፈሩን በእጁ ጀርባ ጠረገ።

ቁልቁለቱን ጀመርን። ከኋላ ሲዘምሩ የነበሩት ደክመው ዝም አሉ። ያን ጊዜ ከጎኔ ሰማሁት። በአፍንጫው።

«አቁም!»

«ምነው ጋሼ?»

«እያንጎራጎርክ ነው።»

«እኔ?» አለ። እውነቱን ነው፣ አላወቀም። መኪናውን ያቆመበት ቦታ ያኔ የገለበጠበት ጠርዝ ነበር። ቁልፉን ነቅሎ ጭኔ ላይ አስቀመጠው። 

«ለማኅበሩ እንንገር ጋሼ። ሰው ሳልገድል።»

ተሳላሚው እየረገመን ቀሪውን መንገድ በእግሩ ወረደ።

ከበዓሉ በኋላ ቁልፉን ለማኅበሩ አስረከብኩ፤ እሱም ፊታቸው ቆሞ ሁሉን ተናዘዘ። ሊቀመንበሩ ጠጋ ብሎ አሸተተው።

«ከዝክሩ ሌላ የቀመስከው አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ ምን አጠፋህ? ጸበል ጸዲቅን በመጠጥ ከቆጠርንማ፣ እኛስ ማን ሆንን?»

አባላቱ ሳቁ። ቁልፉን ዘረጉለት። ሾፌሩ ያኔ በመስኮቱ ጽዋው ሲገባ እንዳየኝ አየኝ። ከአባላቱ ግማሾቹ ደንበኞቼ ናቸው፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ቁልፉን እንደ ፍም በጣቱ ጫፍ ተቀበለ።

በማግስቱ ጆንያዬን በሌላ መኪና አስጫንኩ። መነኸሪያው ላይ ልጅ ያዘለች ሴት ጠጋ አለችኝ።

«ዋሱ እርስዎ ነዎት አሉ። ደህና ሾፌር ነው?»

«ደህና ነው» አልኳት። እሱ መኪና ውስጥ ገባች።

ሞተሩ ሲነሣ ማንጎራጎሩ በመስኮት ወጣ። ቀኑ የማን እንደሆነ ባስብ ባስብ አጣሁት። በእኛ አገር ግን የማንም ዝክር ያልሆነ ቀን የለም።