ለሁለት

ያን ቀን ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም ነበር። ልብስ ሰፊዋ ታናሽ እህቴ ቤት ስደርስ ከስፌት መኪናዋ አጠገብ አጎንብሳ ታስመልሳለች። አማቷ ብርጭቆ ይዛ ቆማለች።

«ዋጪው እንጂ! መራራ ያልዋጠች ልጅ አታቅፍም።»

ልጅ ይሰጣል የተባለ ቅጠል ነው። አራት ዓመት ሙሉ በቀን ሁለት ብርጭቆ ጠጣችው። ቅባት ተከለከለች፣ ጨው ተከለከለች፤ ከመክሳቷ የተነሳ ቀሚሶቿን በየጊዜው ታጠብባለች። ዳቦ ጋጋሪ ባሏ ግን ምድጃ ፊት ቆሞ ሲጋራውን ያቦናል፤ እሱን የሚጠይቅ የለም።

ደሜ ፈላ። እጇን ይዤ ቅጠል ሻጯ ዘንድ ወሰድኳት።

«በቀን ስንት ትጠጫለሽ ልጄ?» አሏት።

«ሁለት ብርጭቆ፤ እርስዎ ‹ለሁለት› ብለዋል ብላ አማቴ ነግራኝ።»

ሴትዮዋ ግንባራቸውን መቱ። «ለባልና ለሚስት ማለቴ ነው እንጂ! የእሱንም ድርሻ ስትጨልጪ ኖርሽ?»

ተመልሰን ባሏ ባለበት ለአማቷ ነገርናት።

«ልጄ ወንድ ነው፣ ምን ጎድሎት!»

«ወንድነቱን ማን ጠየቀ እትዬ? ሐኪም ይየው ነው የምንለው» አልኩ። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ነኝ፤ ልጅ ከሁለት ሰው እንደሚወለድ ለማወቅ ግን ፊደልም አያስፈልግም።

እህቴ አንዱን ብርጭቆ ወደ ባሏ ገፋች። እሱ እናቱን አየና አንገቱን ደፋ። እህቴም የስፌት መኪናዋን መጠቅለል ጀመረች።

ዛሬ እኔ ቤት መስኮት ሥር ትሰፋለች። ጨው ያለው ምግብ ትበላለች፤ ያጠበበቻቸውን ቀሚሶችም መልሳ እያሰፋች ነው።